ሽንት አላስቀምጥ ያለው ወንድሜ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። ታናሽ ወንድሜ እንግሊዝ ይኖራል። ለጥምቀት መጥቶ እስካሁን እኛ ጋ ነው። በየ20 ደቂቃው ሽንት ቤት ይሮጣል፣ ሌሊትም እንቅልፍ የለውም። ሲሸና ያቃጥለዋል። ሰሞኑን ደግሞ ደም አይቷል። ወደ ዘጌ ስንሄድ ጀልባዋን ከመንገድ አስመልሶናል። እናቴ «ብርድ ነው» ብላ ተልባ ታጠጣዋለች። ከፋርማሲ ሲፕሮ ገዝተን ሁለት ጊዜ ጨረሰ፣ ለውጥ የለም። ጎረቤታችን ጣና ስለዋኘ ቢልሃርዚያ ነው ይላል። በቀደም ብቻችንን ስንሆን ግን እዚያ ከጓደኞቹ ጋር ኬታሚን የሚባል ዱቄት ለ3 ዓመት በአፍንጫው ይስብ እንደነበር ነገረኝ። ከመጣሁ አልነካሁም ይላል። ይሄ ከሽንቱ ጋር ይገናኛል? ይድናል? እናቴ እንዳትሰማብኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ በደንብ ይገናኛል። ደግ አድርጎ ነገረሽ።

ኬታሚንን አውቀዋለሁ። ሰመመን ስሰጥ የኖርኩት በእሱ ነው። መብራት በሚጠፋበት፣ ኦክስጅን በሚያጥርበት ሆስፒታል እንደ እሱ ያለ መድኃኒት የለም። አብዛኛውን ጊዜ ትንፋሽ ሳያቋርጥ፣ ግፊት ሳይጥል ያስተኛል። (ሲነቁ የሚቀባጥሩትን ብነግርሽ አምዱ አይበቃም።) በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። ስለዚህ በኬታሚን ቀዶ ሕክምና የተደረገላችሁ አንባቢዎች አትደንግጡ። ለአንድ ኦፕራሲዮን የሚሰጠው መጠን የሽንት ፊኛን እንዲህ አያደርግም። ጉዳቱ የሚመጣው ለወራትና ለዓመታት ሲደጋገም ነው።

ጉበት ኬታሚኑን ይሰባብረዋል። ስብርባሪው በኩላሊት አልፎ ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል። እስኪሸና ድረስ የፊኛውን የውስጥ ሽፋን እየጎዳ ይቆያል። ሽፋኑ ይቆስላል፣ ይደማል። ነገሩ ሲቆይ ግድግዳው ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ መለጠጥ ያቅተዋል። የጤነኛ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ጉዳቱ ሲከፋ 100 እንኳ የማይይዝ አለ። ወንድምሽ ጀልባ ያስመለሰው ወድዶ አይደለም። ሐኪሞች ራሳቸው ይህን በሽታ ለይተው የጻፉት በቅርቡ ነው። በፈረንጆቹ 2007 የቶሮንቶ ሐኪሞች ስለ 9 ኬታሚን ተጠቃሚዎች አሳወቁ። በዚያው ሰሞን ከሆንግ ኮንግም ተመሳሳይ ነገር ተሰማ።

ሲፕሮው ያልሠራው የሚገድለው ባክቴሪያ ስላላገኘ ይመስለኛል። ሽንቱ ሲታይ ነጭ የደም ሴል ስለሚገኝበት «ኢንፌክሽን» ተብሎ ይጻፋል። ከልቸር (ባክቴሪያ ካለ እንዲበቅል ሽንቱን ላብራቶሪ ማቆየት) ሲደረግ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አይበቅልም። ያለ ምርመራ አንቲባዮቲክ መሸጥ ስንት ሰው እንዳጉላላ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ይቅር።

ጎረቤታችሁም ዝም ብሎ አልተናገረም። ጣና ቢልሃርዚያ አለበት። ግን የጣናው ማንሶኒ የሚባለው ዓይነት ነው። የሚኖረው በአንጀት አካባቢ ባሉ ደም ሥሮች ስለሆነ ደሙ የሚታየው በሰገራ ነው። ፊኛን የሚያጠቃው ዓይነት በአገራችን የሚታወቀው በአዋሽ ሸለቆ ቆላና በኩርሙክ በኩል ነው። ስለዋኘ ሰገራውን ቢመረመር አይከፋም፤ የሽንቱን ደም ግን በዚያ አታሳብቡ።

ይድናል ወይ? ካቆመ ተስፋው ጥሩ ነው። ብዙዎች ካቆሙ በኋላ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቀለል ይላቸዋል። ፊኛው ጠባሳ ይዞ ከተኮማተረ ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ከቀጠለበት ሽንት ወደ ላይ እየገፋ ኩላሊትን ያሳብጣል። እስከ ኩላሊት መድከም ይደርሳል። ከአንጀት ቆርጠው ፊኛውን የሚያሰፉላቸውም አሉ፤ ከዚያ በኋላ መልሶ ከወሰደ ኦፕራሲዮኑ ከንቱ ነው። ክፋቱ ደግሞ ኬታሚን ራሱ ሕመም ማስታገሻ መሆኑ ነው። ሲያቃጥለው ትንሽ ቢስብ ይተወዋል፣ ያው መልሶ ያቆስለዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሽምብጥ ሳለ አይደለም፤ ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር ሲገናኝ ነው። አሁኑኑ አውሩበት። አትቆጪው እንጂ።

ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ውሰጂው። ለሐኪሙ «ኬታሚን» ብሎ በስሙ ይንገረው፤ ካልነገረው ማንም አይጠረጥርም። የሽንት ምርመራ ከነከልቸሩ፣ የኩላሊትና የጉበት የደም ምርመራ፣ የኩላሊትና የፊኛ አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል። ጉበቱን ያነሳሁት ኬታሚን የሐሞት ቱቦንም ስለሚያሰፋ ነው። ከላይ ሆዱን ቆርጦ የሚይዘው ከሆነ «ጨጓራ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ቀጠሮው እስኪደርስ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ እየሸና ስንት እንደሚሞላና ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጻፍ። ሐኪሙ ይደሰትበታል። ቡና፣ አረቄና ጫት ይተው። ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ከፋርማሲ አትግዙለት፤ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፣ ኩላሊቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ገና አልታወቀም።

ለእናትሽ «ፊኛው ቆስሏል» በያት፤ እውነት ነው። ሐኪሙም ምስጢሩን ይጠብቅለታል፤ ምርመራ ሲገባ ብቻውን ይግባ። የረጋ ደም ከሸና፣ ሽንቱ ጭራሽ እምቢ ካለው፣ ወይም ትኩሳት ይዞት ጎኑን ካመመው ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተሽ ድንገተኛ ክፍል አድርሺው።