የቨርችዋል ማሽን ዲስክ ሌሊት ሲደነዝዝ

ጥያቄ፦ በፕሮክስሞክስ (በአንድ ሰርቨር ላይ ቨርችዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን፣ በሚያሠራ ሶፍትዌር) ላይ የሚሠራ የዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ቨርችዋል ማሽን አለን፤ የሒሳብ ዳታቤዛችን የሚገኘው በእሱ ውስጥ ነው። ሌሊት ላይ ማሽኑ ለደቂቃዎች ይደነዝዛል፣ ኔትወርኩም የተቋረጠ ይመስላል፤ በሲስተም ሎጉ ውስጥ ደግሞ «ቪአይኦስካዚ» ከተባለው የዲስክ ድራይቨር የመጣ ቁጥር 129 ማስጠንቀቂያ ይደጋገማል። ባልደረባዬ የዲስኩን ዓይነት ወደ ሳታ፣ የኔትወርክ ካርዱን ዓይነት ወደ ኢ1000 እንለውጥ ይላል። ይህ መፍትሔ ይሆናል?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ለውጡ ማስጠንቀቂያውን ከሎጉ ሊያጠፋው ይችል ይሆናል፤ ምክንያቱን ግን ላይነካው ይችላል። ቁጥር 129 የሚገልጸው ዊንዶውስ ለዲስኩ የላከው ትእዛዝ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ምላሽ ስላላገኘ መሣሪያው እንደገና እንዲነሣ መደረጉን ብቻ ነው። መዘግየቱ የተፈጠረው በድራይቨሩ ይሁን ከሥር ባለው ዋና ሰርቨር፣ መልእክቱ አይለይም። ስለዚህ በቅድሚያ ሰዓቱን ያመሳክሩ።

ሰዓቱ ባክአፕ ከሚወሰድበት ጊዜ ጋር የሚገጥም ከሆነ፣ እኔ ከድራይቨሩ በፊት የምጠረጥረው ባክአፑ የሚቀመጥበትን ቦታ ነው። ማሽኑ እየሠራ ባክአፕ ሲወሰድ፣ ዳታቤዙ ገና ባልተቀዳ የዲስክ ክፍል ላይ አዲስ መረጃ ሊጽፍ ቢፈልግ፣ በዚያ ክፍል የነበረው አሮጌ መረጃ ወደ ባክአፑ እስኪገለበጥ ድረስ ይጠብቃል፤ የባክአፕ ማከማቻው ቀርፋፋ ከሆነም ያ መዘግየት እንዳለ ወደ ቨርችዋል ማሽኑ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፕሮክስሞክስ 8.2 አሮጌውን መረጃ በፈጣን ዲስክ ላይ ለጊዜው የሚያቆይ «ፍሊሲንግ» የተባለ አማራጭ ስላለው ይሞክሩት።

ችግሩ ባክአፕ በሌለበት ሰዓትም ከታየ የድራይቨሩን ቅጂ ይመርምሩ። ከ0.1.208 በኋላ የወጡ አንዳንድ የቨርትአይኦ (ቪአይኦስካዚ የሚገኝበት፣ ለቨርችዋል ማሽን ዲስክና ኔትወርክ የተሠራ የድራይቨር ጥቅል) ቅጂዎች ዲስኩ ከባድ ጫና ሲኖርበት ይህንኑ ችግር ያስከትሉ ነበር።

ኔትወርኩን በተመለከተ፣ ማሽኑ በደነዘዘበት ሰዓት ከሌላ ኮምፒውተር ፒንግ ያድርጉ (ማሽኑ በኔትወርክ መልስ መስጠቱን የሚፈትሽ ትእዛዝ ነው)። ለፒንግ እየመለሰ የጋራ ፎልደሩ አልከፈት ካለ፣ ኔትወርኩ ንጹሕ ነው። ኢ1000 የቆየ የኢንቴል ካርድን የሚያስመስል በመሆኑ ፕሮሰሰሩን ከቨርትአይኦ የበለጠ ያደክማል፤ በዚያ ላይ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ካርድ ስለሚቆጥረው፣ በእጅ የተሞላው የአይፒ አድራሻ ከቀድሞው ካርድ ጋር ይቀራል፤ ሌላ ጣጣ ማለት ነው።

የዲስኩን ዓይነት መለወጥ የግድ ከሆነ ግን በቀጥታ አይለውጡት፤ ዊንዶውስ ለመነሣት የሚያስፈልገውን ድራይቨር አስቀድሞ ካላዘጋጀ 0x7ቢ የተባለውን ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ይቆማል። አንድ ጊጋባይት የምታህል ሁለተኛ ዲስክ በአዲሱ ዓይነት ጨምረው ማሽኑን አንድ ጊዜ ያስነሡ፤ ዊንዶውስ ዲስኳን ካወቃት በኋላ ማሽኑን አጥፍተው የዋናውን ዲስክ ዓይነት ይለውጡ።

ዲስኩን ለማፍጠን የካሽ (የመረጃ ጊዜያዊ ማቆያ) ቅንብሩን «አንሴፍ» ወደሚለው እንዲቀይሩ የሚመክርዎ ሰው ቢኖር አይስሙት። ዳታቤዙ መረጃው ዲስክ ላይ መድረሱን እንዲረጋገጥለት የሚልከውን ትእዛዝ ይህ ቅንብር ችላ ስለሚል፣ መብራት በድንገት በጠፋ ጊዜ ሒሳቡ ተበላሽቶ ሊጠብቅዎ ይችላል።