«ደብር» ወይስ «አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን»?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝ አገር፣ በስትራትፎርድ አፖን ኤቨን የሚገኘውን የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የሚያሳይ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተነሣ የስቴሪዮስኮፕ (ሁለት ምስሎችን አዋህዶ ጥልቀት ያለው አንድ ምስል አድርጎ የሚያሳይ መሣሪያ) ፎቶግራፍ አለኝ። ከሥሩ «የጥንታዊ ደብር መንትያ ፎቶግራፍ» ብዬ ልጽፍ ስል ወዳጄ «ደብር አይባልም» አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ወዳጅዎ ትክክል ናቸው፤ ጉዳዩም እኔን ዘወትር የሚያሳስበኝ ነው።

«ደብር» በግእዝ ተራራ ነው፤ ደብረ ሲና፣ ደብረ ታቦር ስንል የምንሰማው ይህንኑ ጥንተ ትርጉም ነው። ከተራራው ወደ ገዳሙ ተሻገረ፤ ቀጥሎም በአገራችን ሥርዓት አለቃ የሚሾምለትና ብዙ ካህናት የሚያገለግሉት፣ ከገጠር ቤተ ክርስቲያን በማዕርግ የሚበልጥ ቤተ ክርስቲያን መጠሪያ ሆነ። የእንግሊዝኛው «ፓሪሽ» ግን ከግሪኩ «ፓሮይኪያ» የመጣ ሲሆን መነሻው በአጠገብ መኖር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን የሚለየውም ማዕርጉ ሳይሆን በዙሪያው የሚኖረው ምእመን ነው። ይህን ፍቺ በአማርኛ የሚሸከመው «አጥቢያ» ነው።

«አጥቢያ ኮከብ» ስንል ያለው የንጋት ቃል ከ«ጸብሐ» መውጣቱ ግልጽ ነው። የሰፈሩን «አጥቢያ» ግን እኔ ግብር ማለት ከሆነው «ጸባሕት» ጋር ማዛመድ ይቀናኛል፤ የግእዙ ወንጌል ቀራጩን «መጸብሓዊ» ይለዋልና። የእንግሊዙም አጥቢያ አሥራት የሚከፈልበት ወሰን ነበር። ማስረጃው የላላ ቢሆንም ዝምድናውን ለመተው አልፈቅድም።

«ደብር» ይባል የሚሉ ሰዎች ጠንካራ ነጥብ አላቸው፤ ይህ ቤተ ክርስቲያን በመካከለኛው ዘመን የካህናት ማኅበር ነበረው፤ ኦፊሴላዊ ስሙም ያን ማዕርግ ዛሬ ድረስ ያስታውሳል። ነገር ግን ማኅበሩ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ፈረሰ ፎቶግራፍ አንሺው ያገኘው የከተማውን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሼክስፒር እ.ኤ.አ. በ1564 ክርስትና የተነሣበት፣ በ1616ም የተቀበረበት፣ ከተራራ ርቆ በኤቨን ወንዝ ዳር የቆመ ነው። ሰው የሚጠመቅበትና የሚቀበርበት ቤተ ክርስቲያን ከአጥቢያ ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ዛሬ በከተሞቻችን ማንኛውም ምእመን የሚሳለምበትን ቤተ ክርስቲያን፣ ማዕርጉን ሳይጠይቅ፣ «ደብራችን» እንደሚል አልክድም፤ ልማዱ ከእኔ ምርጫ ቀድሞ ሄዷል። ይህ ልቅነት ግን ወደ ባዕድ አገር አብያተ ክርስቲያናት እንዲሻገር አልፈልግም።

ስለ «መንትያ» ተቃውሞ የለኝም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ዊትስቶን እ.ኤ.አ. በ1838 ያስረዳው መሣሪያ ስም፣ «ስቴሪዮስኮፕ»፣ ከግሪኩ «ስቴሬዮስ»፣ ማለትም ጽኑዕ፣ ድፍን ከሚለው ቃል የተገኘ ነው፤ ሁለቱ ምስሎች በሁለት ዓይኖች መካከል ያለውን ርቀት ያህል ተራርቀው ስለሚነሡ ቢመሳሰሉም አንዱ የሌላው ቅጂ አይደለም፤ መንትዮችም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ «ጥንታዊ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በስትራትፎርድ፤ መንትያ ፎቶግራፍ» ብለው ይጻፉ።