መንገድ ላይ የማይሞቅ፣ መብራት ላይ የሚፈላ ሞተር

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል።

«ጋሼ፣ 600 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደር ስፖርት ሞተር አለኝ። በፈረንጅ 2008 ሞዴል ነው። እሁድ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር እስከ ቢሾፍቱ እንነዳለን፤ አንድም ቀን ሞቆብኝ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ከአያት ወደ ሜክሲኮ ለሥራ ስሄድ ግን መገናኛ ሳልደርስ ይፈላል። የትርፍ ውሃ ማጠራቀሚያው ሞልቶ ይፈሳል፤ በማግስቱ ጠዋት ሳየው ራዲያተሩ ጎድሎ አገኘዋለሁ። ሁለት ጋራዥ ወስጄዋለሁ። አንዱ ተርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚለቀውን ቫልቮላ) አውጥቶ ጣለው፤ ውሃ ብቻ ሞልቶ ሰጠኝ። ሌላው አዲስ የራዲያተር ክዳን ገጠመና የራዲያተሩን ቬንትሌተር (ፋኑን) በማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ ከባትሪ አገናኘው። ሲዞር እሰማዋለሁ፤ ሙቀቱ ግን ያው ነው። አሁን ቴስታታው ይከፈት እያሉኝ ነው። ሸጬው ለሥራ የምትሆን ትንሽ ሞተር ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ቴስታታውን፣ የኢንጂኑን ራስ ማለት ነው፣ አታስከፍት። ቢያንስ አሁን አታስከፍት።

ደብዳቤህን ሳነብ ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ቀረ። ማጠራቀሚያው ሞልቶ ሳለ ራዲያተሩ ጎድሎ ማደሩ ላይ። ይህን ስሰማ እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ክዳኑ ነው። «እሱማ አዲስ ነው» ትለኝ ይሆናል። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር።

ከሁሉ በፊት ግን ይህን ስማ። ኢንጂኑ ትኩስ ሆኖ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትከፍት። በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ እከፍተዋለሁ አትበል። ልጅ ሆኜ ጋራዥ ስማር እኔም ጨርቅ ይዤ ነበር። ቀኝ ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ ዛሬም አለ።

ነገሩ ወዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ውሃው ላይ የሚጫነው ክብደት ይቀንሳል፤ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል። ከቆላ የመጣች ባለሙያ ሴት አዲስ አበባ ላይ ባቄላው አልበስል ብሎ የሚያስቸግራት ለዚህ ነው። ድስቱ ይፈላል፣ ግን የሚፈላው ውሃ በቂ ትኩስ አይደለም። ፕሬዠር ድስት ስትጠቀም ግን እንፋሎቱ ታፍኖ ውሃውን ይጫነዋል፤ ሳይፈላ ከ100 በላይ ይሞቃል፤ ባቄላውም ይበስላል።

የራዲያተርህ ክዳን ማለት ያ የፕሬዠር ድስት ክዳን ነው። አናቱን አጥራና ተመልከት፤ 1.1 የሚል ወይም ለሱ የቀረበ ቁጥር ታያለህ። የክዳኑ ሞላ (ስፕሪንግ) እስከ 1.1 ባር ግፊት ድረስ አፍኖ ይይዛል ማለት ነው። በዚህ ግፊት አዲስ አበባ ላይ ባዶ ውሃ እንኳ እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። አሁን ክዳኑ አልያዘም በል። ውሃህ በ92 ይፈላል። የብዙዎቹ የጃፓን ስፖርት ሞተሮች ቬንትሌተር ደግሞ መዞር የሚጀምረው 100 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ አለፍ ብሎ ነው። አየኸው? ቬንትሌተሩ ገና ተኝቶ ሳለ ውሃው ፈልቶ ወጥቷል። የሠሩት ሰዎች አልተሳሳቱም፤ ክዳኑ ይይዛል ብለው ነው ያሰሉት። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው የደከመ ክዳን ይዞ ሊቸገር ሊቸገር ሲል ያመልጥ ይሆናል። እዚህ አናት ላይ ማምለጫ የለም።

እሁድ ለምን ደህና እንደሆነም ከዚሁ ይገባሃል። ስትሮጥ ንፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዝልሃል። ሙቀቱ 80 እና 85 አካባቢ ይውላል፤ ክዳን ኖረ አልኖረ ልዩነት የለውም። ምናልባት ቢሾፍቱ ደርሳችሁ ቡና ስትጠጡ ከሞተሩ ሥር ጠብ ጠብ የሚል ውሃ አይተህ ይሆናል። ኢንጂኑ ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ብረቱ ውስጥ የቀረው ሙቀት ውሃው ላይ ይወጣል። ያኔም ክዳኑ ነው የለቀቀው።

ክዳኑ ሌላም ሥራ አለው። መሃሉ ላይ ትንሽ ቫልቮላ አለች። ኢንጂኑ ሲቀዘቅዝ ውሃው ይሸበሸባል፤ ያን ጊዜ ትንሿ ቫልቮላ ተከፍታ ከማጠራቀሚያው መልሳ ትስባለች። እሷ ከተጣበቀች ወይም የክዳኑ ጎሚኒ (ላስቲኩ) ከተቀደደ የወጣው አይመለስም። ውሃ በመሳብ ፋንታ አየር ይገባል። ያንተ ራዲያተር የሚጎድለው በዚህ ነው።

እንግዲህ ጠዋት፣ ሞተሩ አድሮ በረዶ ሆኖ ሳለ ክዳኑን አውጣ። ትንሿን ቫልቮላ በጥፍርህ ሳብ፤ ስትለቃት ቶሎ መመለስ አለባት። ጎሚኒው ደርቆ ከሆነ ወይም የራዲያተሩ አፍ ጠርዝ ላይ የሰራውን ቀለበት የሚመስል ጎድጓዳ ምልክት ካየህበት አበቃለት። የአፉን መቀመጫም በጣትህ ዳስስ፤ ዝገትና ቅርፊት ካለበት ጥረገው። የሁለተኛው ጋራዥ ክዳን ደግሞ የመኪና እንዳይሆን እፈራለሁ። ጥምዝምዙ ይገጥማል፣ ይጠብቃል፣ ከላይ ሲያዩት ልክ ነው፤ ውስጡ ግን ጥልቀቱ ስለማይመጣጠን ጎሚኒው መቀመጫው ላይ አይደርስም። አሮጌው ካለህ ጎን ለጎን አስቀምጠህ ለካ። እነዚያ ርካሽ ክዳኖች ላይ 1.1 ተብሎ ይጻፋል፤ ሞላቸው ግን የኳስ እስክሪብቶ ሞላ ነው። ኦሪጅናሉን ፈልግ። ለውበት ካወጣኸው ገንዘብ አይበልጥም።

ወደ ማጠራቀሚያው የምትሄደዋን ቀጭን ቱቦም እያት። ከተሰነጠቀች አየር ትስባለች፤ አዲሱም ክዳን አይረዳህም። የማጠራቀሚያው ማፍሰሻ ቱቦ ደግሞ ወደ ኋላ ጎማ እንዳያመለክት። ኩላንት (የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የነካው ጎማ ኩርባ ላይ ምሕረት የለውም፤ ከኋላህ ጓደኞችህም አሉ።

አሁን ወደ ቬንትሌተሩ። እየዞረ ሞተሩ ከሞቀ ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ያ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ቬንትሌተሩን የሚያዞረው የዲሲ (የባትሪ) ኤሌክትሪክ ሞተር ገመዱ ከተገለበጠ ወደ ኋላ ይዞራል። ድምፅ አለው፣ ነፋስ አለው፣ ግን ኢንጂኑ አጠገብ ያለውን ትኩስ አየር ወደ ፊት ይገፋል። አንዲት የሶፍት ቅጠል ከፊት ጎማው በኩል ራዲያተሩ ፊት ያዝ። ከተሳበች ልክ ነው። ከተገፋች ገመዱን ገልብጥ። እንዲያውም ያን ማብሪያ ማጥፊያ ነቅለህ የፋብሪካውን መስመር መልስ። ፊውዝ ሳይኖረው ከባትሪ ቀጥታ የመጣ ገመድ ከቤንዚን ታንከር ሥር ማሳለፍ ጥገና አይባልም። የድሮው መስመር ካልሠራ ፊውዙን፣ ሪሌውንና የሙቀት ሴንሰሩን ሶኬት ተራ በተራ እይ። ብዙ ጊዜ የዛገ ሶኬት ነው።

ተርሞስታቱም ይመለስ። ማውጣቱ መብራት ላይ ምንም አልጠቀመህም፤ ጠዋት ኢንጂኑ ሳይሞቅ እንድትነዳ ብቻ ነው ያደረገህ። በነገራችን ላይ፣ እዚህ አገር ስንት ደህና ተርሞስታት ተጥሏል! ድስት ውስጥ ከተው ያፈሉታል፤ ሙሉ አልተከፈተም ብለው ይጥሉታል። 82 ዲግሪ ላይ መከፈት የሚጀምር ተርሞስታት ሙሉ ለሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት 95 አይደርስም። ከተላቀቀ ይበቃል።

ቴስታታው የሚያሰጋ ከሆነ እንዲህ አረጋግጥ። ኢንጂኑ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን አውጣ፣ ከዚያ አስነሳ። ቀዝቃዛ አልኩ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ይወጣል፤ የታፈነ አየር ነው። ጋዝ በሰጠኸው ቁጥር አረፋው የማያቋርጥ ከሆነ፣ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ፣ ያኔ ስለ ጓርኒሲዮን፣ ስለ ቴስታታው ማሸጊያ፣ እንነጋገራለን። ሙቀቱ ከመነሳቱ በፊት አጥፋና ክዳኑን መልስ።

ስትሞላ የቧንቧ ውሃ ይቅር። ለአሉሚኒየም የሚሆን ኩላንት ግማሽ፣ ዲስቲልድ ውሃ ግማሽ። የተዘጋጀ ከገዛህ ሌላ ውሃ አትጨምርበት። ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ የፈሰሰውን ለውሻና ለልጅ አትተወው። ሞተሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አጋድለው፣ ቱቦዎቹን ጨመቅ ጨመቅ አድርግ፣ ደረጃው ሲወርድ ሙላ። በማግስቱ እንደገና እይ፤ ሲቀዘቅዝ።

ልሽጥ ወይ ላልከኝ፣ ታሞ ሳለ አትሽጠው። ገዢ «ይሞቃል» የምትል ቃል ከሰማ ግማሽ ዋጋ ነው የሚሰጥህ። ከዳነ በኋላ ግን ሐቁን ልንገርህ። 600 ሲሲ ስፖርት ሞተር ለመገናኛ ሰልፍ አልተሠራም። ክብደትህ እጅ አንጓህ ላይ ነው፣ መሪው ብዙ ስለማይታጠፍ በመኪኖች መሃል አትሹለከለክም፣ ፍሪሲዮን ይዘህ ስትለቅ ግራ እጅህ ይዝላል፣ ጭንህም ይጠበሳል። አቅም ካለህ ለሥራ 125 ወይም 150 ሲሲ፣ በንፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ቀጥ ብለህ የምትቀመጥበት ሞተር ያዝ። ራዲያተር የለው፣ ክዳን የለው። ስፖርቱን ለእሁድ አቆየው። ሁለት መያዝ ካልቻልክ እኔ ብሆን ትንሹን እመርጥ ነበር፤ ጓደኞችህ ይስቁብሃል፣ ግን ቢሾፍቱ እሱም ይደርሳል።

ለማንኛውም መጀመሪያ ክዳኑን ቀይርና ሰኞን ሞክር። ሜክሲኮ ስትደርስ ሠርቷል ወይ ብለህ ትኩሱን ክዳን እንዳትነካ፤ ማጠራቀሚያውን በዓይንህ ማየት ይበቃል። አሮጌውን ክዳን ደግሞ መለዋወጫ ሳጥንህ ውስጥ አታስቀምጠው። አንድ እሁድ መንገድ ላይ ለተቸገረ ጓደኛህ ታበድረዋለህ።