ስለ ናታሊ ፓወል የጁዶ ሕይወት፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ዌልሳዊቷ ጁዶ ተወዳዳሪ ናታሊ ፓወል ጥያቄ ያላችሁ አቅርቡ። አደራ፣ ውጤት ስትጠቅሱ የዌልስ ይሁን የብሪታንያ ለይታችሁ ጻፉ።

ጥያቄ፦ ለዌልስ ስንት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አስገኘች?

መልስ፦ አንድም። ዌልስ እንደ እንግሊዝ ሁሉ የብሪታንያ አካል ስለሆነች በኦሊምፒክ ለብቻዋ አትሰለፍም። ፓወል በ2016 በሪዮ ለብሪታንያ ተወዳድራ፣ በኦሊምፒክ ጁዶ የተሳተፈች የመጀመሪያዋ ዌልሳዊት በመሆን ሰባተኛ ወጥታለች። በጁዶ ልብሷ ጀርባ ላይ የተሰፋውን ጨርቅ ልብ በሉ፤ በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና ከስሟ ጋር የሚነበበው የብሪታንያ ምሕጻረ ቃል ነው። የዌልስን ስም ይዛ የምትቀርብበት ትልቁ መድረክ፣ በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ግዛቶች የሚወዳደሩበት የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ሲሆን፣ እዚያ ደግሞ ጁዶ በ2014 በግላስጎው ተካትቶ፣ በ2018 በጎልድ ኮስት ቀርቶ፣ በ2022 በበርሚንግሃም ተመልሷል። በ2017 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አግኝታ፣ በዚያው ዓመት በክብደት ምድቧ የዓለም ደረጃን አንደኛ ስትይዝ፣ ቀጣዩ የኮመንዌልዝ ውድድር ለጁዶ ዝግ ነበር። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ በግላስጎው ማንን አሸነፈች?

መልስ፦ በ78 ኪሎ ምድብ ፍጻሜ የእንግሊዟን ጌማ ጊቦንስን አሸንፋ ለዌልስ ወርቅ ወሰደች።

አንድ አባል፦ የጁዶ ኃያላኑ ጃፓንና ፈረንሳይ በሌሉበት የተገኘ ወርቅ ምን ያህል ይመዝናል?

ሌላ አባል፦ ጊቦንስ እኮ በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ ብር ያገኘች ናት። ደካማ ተጋጣሚ ልትላት ነው?

የመጀመሪያው አባል፦ እኔ የጠየቅሁት ስለ ውድድሩ ስፋት እንጂ ስለ አንድ ግጥሚያ አይደለም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የውድድሩ ስፋት ጠባብ ነበር፤ ፍጻሜው ግን ቀላል አልነበረም። የጃፓንና የፈረንሳይን ሚዛን የሚሻ የቡዳፔስቱን ነሐስ ይመልከት። ክርክሩ እዚህ ይብቃ።

ጥያቄ፦ ስለ አጨዋወቷ ንገረን።

መልስ፦ የትኛውን ግጥሚያ? እንዲህ ላለ ጥቅል ጥያቄ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ 78 ኪሎ ሲባል ልክ 78 መመዘን አለባት?

መልስ፦ የለባትም። ከ70 ኪሎ በላይ እስከ 78 ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በበርሚንግሃም ለብሪታንያ ብር አገኘች ማለት ነው?

መልስ፦ ስንት ጊዜ ልድገመው? ብሩ የዌልስ ነው። በፍጻሜው ፓወልን ያሸነፈችው ኤማ ሪድ ለእንግሊዝ ተሰልፋ ነበር፤ በዓለም ሻምፒዮና ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ጀርባ ላይ አንድ ዓይነት ፊደላት ይሰፉ ነበር።