ቀርከሃዬ ቀጠነ፤ ነቅዬ ዲከረንስ ልትከል?

ከአዊ ዞን ባንጃ ወረዳ የመጣ ደብዳቤ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ከአባቴ የወረስኩት የጓሮ ቀርከሃ አለኝ። በፊት ክንድ የሚያህል ይወጣ ነበር፤ አሁን እየቀጠነ ሄደ። ነጋዴው አምና መስከረም የወሰደውን ነቀዘብኝ ብሎ ዘንድሮ በግማሽ ዋጋ ካልሆነ አልገዛም አለኝ። ዩሪያ ልጨምርበት? ወይስ ነቅዬ ለከሰል የሚተከለውን ዛፍ፣ ዲከረንስን፣ ልትከልበት? ምከሩኝ።»

ወንድሜ፣ የማሳዎን ስፋት አልነገሩኝም። በዓመት ስንት እንደሚቆርጡም አልጻፉም። ግን ሳያስቡት አንድ ቃል ጥለውልኛል፤ «መስከረም» የምትለዋን። እኔ የያዝኩት እሷን ነው።

መስከረም ላይ ለምን እንደሚቆረጥ አይጠፋኝም። የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም አለ። እንቁጣጣሽና መስቀል አለ። እህሉ ገና ማሳ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የሚሸጥ ነገር ቢፈለግ ጓሮ ያለው ቀርከሃ ነው የሚታየው። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ልክ በሰዓቱ ከች ይላል።

ስለዚህ ልገምት። ቀርከሃዎ የታመመ አይመስለኝም። መሬቱም አልደከመም። ለጋውን፣ ከዳር ዳሩ፣ ዝናቡ ሳያባራ እየቆረጡ ነው። ብሳሳት ደስ ይለኛል፣ ግን በአካባቢያችሁ ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያጣሩ። ቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ የስንዴ ዘለላ የመሰለ አበባ አለ? ቀርከሃ የሣር ዘር ነው፤ ሲያብብም አበባው የሣር ነው። በብዛት ካበበ በኋላ ይደርቃል፣ ያን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው። አበባ ካለ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠርተው ያሳዩ። ከሌለ ይቀጥሉ።

አሁን ለምን እንደቀጠነ ልንገርዎ። የደጋ ቀርከሃ በክረምት ቡቃያ ያወጣል። ቡቃያው በሁለት ሦስት ወር ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ አይረዝምም፣ አይወፍርምም። ከመሬት ሲወጣ በያዘው ውፍረት ይኖራል። በቀሩት ዓመታት የሚጨምረው ጥንካሬ ብቻ ነው። የዘንድሮ ቀርከሃ የቀጠነው እንግዲህ ገና ከመሬት በታች ሳለ ስንቅ ስላጠረው ነው። ያንን ስንቅ የሚያዘጋጁት አንድና ሁለት ዓመት የሞላቸው፣ ቅጠላቸው ያማረ ጎረምሶች ናቸው። እርስዎ የሚሸጡት እነሱን ነው። ጊደሯን ለሥጋ ሸጦ አሮጊቷን ላም ለዘር እንደ ማስቀረት ነው።

ዳር ዳሩን መቁረጥ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። መሬት ውስጥ ያለው ግንድ የሚሄደው ባዶ ቦታ ወዳለበት፣ ወደ ውጭ ነው። ስለዚህ ለጋዎቹ የሚበዙት ዳር ላይ ነው፣ ያረጁት መሀል ይቀራሉ። ሰው ደግሞ ገጀራውን ይዞ መሀል መግባት ይታክተዋል። ይጠባል፣ ይቧጭራል። ዳር ቆሞ እጁ የደረሰበትን ይመነጥራል። መሀሉ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይደርቃል። ይህን ልማድ እባካችሁ ተዉት። አሥር ጊዜ ተናግሬዋለሁ፣ አሥራ አንደኛ ጊዜም እናገራለሁ።

ነቀዙም ከዚሁ የመጣ ነው። ነቀዝ የሚፈልገው በውስጡ ያለውን ስታርች፣ ማለትም ቀርከሃው ያጠራቀመውን ምግብ ነው። ለጋ ሆኖ፣ ያውም በዝናብ ወቅት የተቆረጠ ቀርከሃ ለነቀዝ ድግስ ነው። ነጋዴው ያየው የመርፌ ራስ የምታህል ቀዳዳና ከሥሯ የሚራገፍ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ነው። ሶፋ ከተሠራ በኋላ ያ ብናኝ ምንጣፍ ላይ ሲፈስ ደንበኛው ሠሪውን ይወቅሳል፣ ሠሪው ነጋዴውን፣ ነጋዴው እርስዎን። እውነቱን ለመናገር ነጋዴውም ንጹሕ አይደለም። ለመሰንጠቅ ስለሚቀል ለጋውን የሚመርጠው ራሱ ነው።

መፍትሔው አንድ ትንሽ ቆርቆሮ የዘይት ቀለምና አንድ ብሩሽ ነው። እያንዳንዱ ቀርከሃ ላይ ዕድሜውን የሚያሳይ ቁጥር ይጻፉበት።

ይህን የሚሠሩት ኅዳር ላይ ነው። ያኔ የክረምቱ ቡቃያ ቁመቱን ጨርሷል፣ ከሌላውም በቀላሉ ይለያል። መልኩ ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ ከአንጓው በታች ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለው፣ ቡናማ ፀጉር ያለው ልባስም ገና አልረገፈለትም። መጀመሪያ ልባሱን ይላጡ። ብዙ ሰው ልባሱ ላይ ይጽፍና በዓመቱ ቁጥሩ ከልባሱ ጋር ረግፎ ያገኘዋል። ፀጉሩ እጅ ስለሚበላ ጨርቅ ይጠቅልሉ። በዚያው ጨርቅ ነጩን ዱቄት ይጥረጉት፣ አለበለዚያ ቀለሙ አይዝም። ከዚያ ደረትዎ ትክክል፣ ወደ መግቢያው በሚያየው በኩል፣ የዓመቱን የመጨረሻ ቁጥር ይጻፉ። ኅዳር 2018 ላይ ሲጽፉ «8»፣ ኅዳር 2019 ላይ «9» እያሉ ይቀጥሉ። በገጀራ ምልክት ማድረግ ይቅርብዎ፤ በጫሩት ቦታ ውሃ ይገባል፣ ሲሸጥም ዋጋ ይቀንሳል። ልጆች ካሉ ቅዳሜ ጠዋት ያሠሯቸው፣ ይወዱታል።

ሕጉ ቀላል ነው። «8» የተጻፈበት ቀርከሃ እስከ ኅዳር 2021 አይነካም። ያኔ ሦስት ዓመት አልፎታል፣ በስሏል፣ ለቤትም ለሶፋም ይሆናል። ከዚያ በየዓመቱ ተራውን ጠብቆ የደረሰ አያጡም። ብቻ በአንድ ዓመት ከቆመው ሲሶ በላይ አይቁረጡ፣ የደረሰ ቢበዛም እንኳ።

«እስከዚያ ምን ልብላ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። መሀሉን ይግቡ። እዚያ ለዓመታት ያልተነኩ አሉ። ቁጥር ባይኖራቸውም መልካቸው ይናገራል። አረንጓዴው ደብዝዟል፣ ነጫጭ ሽበት የመሰለ ነገር ለጥፎባቸዋል፣ በገጀራ ጀርባ ሲመቷቸው ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። ለጋው ሲመታ ድፍን ይላል። ዘንድሮ የሚሸጡት ከእነዚህ ይሁን። የደረቁትንና የተሰበሩትን ለማገዶ ያውጡ። ወደ መሀል የሚያስገባ ቀጭን መንገድ አንዴ ከከፈቱ ለከርሞ አይቸገሩም።

ቆረጣው ከኅዳር እስከ የካቲት ይሁን። ከመሬት ከፍ ብሎ ካለው የመጀመሪያ ወይም የሁለተኛ አንጓ ልክ በላይ ይቁረጡ። አንጓውን ትተው መሀል ለመሀል ከቆረጡት ጉቶው ኩባያ ሆኖ ዝናብ ያጠራቅማል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። የቆረጡትን ቅጠሉን ሳይመለምሉ ዛፍ ላይ አስደግፈው ለሳምንት ሁለት ሳምንት ያቁሙት፤ ቅጠሉ ውስጡ ያለውን ውሃ እየሳበ ያደርቅልዎታል። ወንዝ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት መዘፍዘፍ ስታርቹን ያጥባል። ጠረኑ ግን አያድርስ፣ ከቤት ራቅ ይበል።

የመስከረሙ ወጪስ? እሱ ላይ ምትሃት የለኝም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከሸጡት ትንሽ ለመስከረም ማስቀመጥ፣ ወይም ግድ ከሆነ መስከረም ላይ ከመሀል ያረጁትን ብቻ መቁረጥ ነው። ሲገቡ ቡቃያ እንዳይረግጡ። አሁን አንድ የተረገጠ ቡቃያ ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ የጎደለ ቀርከሃ ነው። ከብትም በክረምት አይግባ፣ ቡቃያ ይወዳል።

ምንጣፍ የሚሠሩ ሰዎች ለጋ ይሻለናል ማለታቸው እውነት አለው፤ የበሰለው ለሽመና ያስቸግራል። ለእነሱ ሁለት ዓመት ከሞላው ጥቂት ይስጡ። የዓመቱን ግን ለማንም አይስጡ።

ዩሪያውን ለበቆሎዎ ያድርጉት። ለቀርከሃው የራሱ የረገፈ ቅጠል ይበቃዋል፣ ጠርገው አያቃጥሉት እንጂ። አመድና ፍግ ከተረፈ መልካም ነው።

ዲከረንሱን ልምከርዎ ከተባለ፣ አይንቀሉ። ከሰል ብዙ ቤት እንደቀየረ አይቻለሁ፣ አልክድም። ዛፉን የሚያደርቀው በሽታ ከመጣ ወዲህ ግን የስንቱ ማሳ ቆሞ እንደደረቀ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ደግሞ ዲከረንስ አንዴ ከተቆረጠ እንደገና ተከላ ነው። ቀርከሃ በአግባቡ ከተያዘ በየክረምቱ በራሱ ይተካል። ዳገት ላይ ከሆነም ሥሩ አፈሩን ይይዝልዎታል።

አንድ ልጨምር። ብቻዎን ቁጥር ቢጽፉ ቀርከሃዎ ይወፍራል፣ ዋጋው ግን ብዙም ላይነቃነቅ ይችላል። ከጎረቤት ሦስት አራት አባወራ ሆናችሁ ብትጽፉ ነገሩ ይለወጣል። አገራችን በአፍሪካ ሰፊ ቀርከሃ ካላቸው አገሮች አንዷ ናት። የሚሠራበት ሰው ግን እንጅባራ ሶፋ የሚሠራውም፣ ከተማ ያለው ፋብሪካም፣ እኩል የበሰለና አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው አይሱዙ ሙሉ ማግኘት ይቸግረዋል። አሁን ነጋዴው «ጠቅላላውን በስንት?» ይልና ለጋውን ከበሰለው ደባልቆ ይጭናል። እናንተ በዓመቱና በውፍረቱ ለይታችሁ ከደረደራችሁ ግን ለብቻ ለብቻ ዋጋ ትጠይቃላችሁ። ነቀዘብኝ ሲልም ቁጥሩ የት እንደተጻፈ ታሳዩታላችሁ። ጎበዝ ሠሪ ካገኛችሁ ያለ ደላላ በቀጥታ እንዲመጣ አድራሻውን ያዙ።

ከአሶሳና ከመተከል በኩል ለምታነቡ፣ የእናንተ የቆላ ቀርከሃ ውስጡ ድፍን የሆነ ሌላ ዝርያ ነው፣ በችምችም ይበቅላል። ቁጥሩ ግን እዚያም ይሠራል።

ቀለሙን ሲገዙ ነጭ ወይም ቀይ ይበሉ። ባለሱቁ ርካሽ ነው ብሎ አረንጓዴ ቢያወጣልዎ አይቀበሉት፣ ከሩቅ አይታይም።