የማይታመን ጋዜጣ ከተማን እንዴት ይመራል?

ጥያቄ፦ በከተማችን ያለው አንድ ጋዜጣ ነው። የጻፈውን አምናለሁ የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ ግን በየቦታው የሚወራው እሱ ያወጣው ጉዳይ ነው። ይህ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ የጋዜጣ ዋና ጉልበቱ መምረጡ ላይ ነው። ማክስዌል ማኮምስና ዶናልድ ሾው የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 የአሜሪካ ምርጫ ሰሞን፣ በቻፕል ሂል ከተማ ድምፃቸውን ለማን እንደሚሰጡ ገና ያልቆረጡ 100 ሰዎችን ዋና ዋና የሚሏቸውን የአገሪቱን ችግሮች ጠየቁ። በ1972 ባሳተሙት ጥናት እንደታየው የሰዎቹ መልስ ቅደም ተከተልና መገናኛ ብዙኃኑ ለየጉዳዩ የሰጡት ቦታ እጅግ ተቀራራቢ ነበር። ጎረቤትዎ «ስለ መንገዱ የተጻፈው ውሸት ነው» ብሎ ሲሟገት፣ ጋዜጣው የቀኑን ወሬ መርጦለታል። የውኃው መቆራረጥ በዚያ ቀን አልተነሳም። ስለዚህ የወጣውን እየተጠራጠሩ፣ ያልወጣውንም ይመዝግቡ።

ጥያቄ፦ ጋዜጣው ለማዘጋጃ ቤቱና ለትልልቅ አስተዋዋቂዎች ያደላል ይባላል። ሐሜት ይሁን እውነት በምን ላጣራ?

መልስ፦ በቆጠራ። የአራት ሳምንት እትም ይሰብስቡ፤ ከዚያ ካነሰ አንድ በዓል ወይም አንድ አደጋ ሚዛኑን ያዛባዋል። ከእያንዳንዱ እትም የፊት ገጹንና የከተማ ዜናውን ብቻ ይያዙ። በደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ዜና አንድ መስመር ይስጡ፤ ጉዳዩን፣ ዜናው የወሰደውን ቦታ፣ መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደሆነ፣ ስማቸው ተጠቅሶ የተናገሩትን ሰዎች ብዛትና የተጠቀሰ ሰነድ መኖር አለመኖሩን ይጻፉ። ቦታውን በማስመሪያ ይለኩ፤ ዜናው በሁለት ዓምድ ከተዘረጋ የሁለቱን ቁመት ይደምሩ። ፎቶውን ለብቻ ይመዝግቡ፤ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ገጹን ስለሞላው ብቻ ረጅም የሚመስል ባለ ሦስት አንቀጽ ዜና ብዙ ነው።

ከዚያ አንዱን ዜና ቀረብ ብለው ይመርምሩ። ርዕሱ «የአውቶቡስ መናኸሪያው ግንባታ 80 በመቶ ደረሰ» ይላል እንበል። 80 በመቶ የወጣው ገንዘብ ነው ወይስ የተሠራው ሥራ? ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ቁጥሩን የሰጠው ተቋራጩ ነው፣ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ነው ወይስ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ? ባለፈው ዓመት ያልቃል የተባለበት ቀንስ የት ገባ? ዜናው ከሦስቱ አንዱንም ካልመለሰ፣ ዘጋቢው መናኸሪያው ድረስ ሳይሄድ ጽፎት ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ የመሥሪያ ቤቱን ጋዜጣዊ መግለጫ ፈልገው ከዜናው ጎን ያስቀምጡ። የአንቀጾቹ ቅደም ተከተልና ጥቅሶቹ አንድ ከሆኑ ዜናው ግልባጭ ነው። ግልባጭ ሁሉ ግን ሴራ አይደለም፤ ሁለት ዘጋቢ ብቻ ያለው ዝግጅት ክፍል ገጽ የሚሞላው በመግለጫ ነው።

የቆጣሪውም ስህተት አለ። ፍርዱን አስቀድሞ የያዘ ሰው ሁሉንም «ያደላ» ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ተመሳሳይ 10 ዜናዎችን ይመዝግቡ፤ ከሁለት በላይ ላይ ከተለያያችሁ መስፈርታችሁ ልል ነው። ርዕሰ አንቀጹን ደግሞ ከቆጠራው ያውጡት፤ አቋም መያዝ ሥራው ነው። ከንቲባው ስሙ መብዛቱም ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ ውሳኔው የነካው ነዋሪ ስንት ጊዜ ተናገረ የሚለው ይበልጣል።

በመጨረሻ ባለቤቱን ይወቁ። በዲሴምበር 2015 ላስ ቬጋስ ሪቪው ጆርናል የተባለው የከተማው ጋዜጣ ገዢው ማን እንደሆነ ሳይገለጽ ተሸጠ። ከገዢው ጀርባ የካዚኖ ባለሀብቱ የሼልደን አደልሰን ቤተሰብ እንዳለ አጣርተው ያወጡት የጋዜጣው የራሱ ዘጋቢዎች ናቸው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ የተደበቀ ባለቤትና ደፋር ዘጋቢ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው፤ ጋዜጣውን በደፈናው መፈረጅ የሚያሳስተውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ሠፈራችን የተሳሳተ ነገር ወጣ። ብንደውል ጆሮ ዳባ ልበስ አሉን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ስልኩን ተዉት፤ የስልክ አቤቱታ መረጃ ሆኖ አይቀመጥም። ለዋና አዘጋጁ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፦ እትሙ የወጣበት ቀን፣ ገጹ፣ ርዕሱ፣ የተሳሳተው ዓረፍተ ነገር እንዳለ፣ ቀጥሎ ትክክለኛው፣ ከዚያ ማስረጃው። አንድ ደብዳቤ አንድ ስህተት ይያዝ፤ አምስት ከደረደራችሁ አዘጋጁ ቀላሉን መርጦ ይመልስና ፋይሉን ይዘጋል። «ውሸታሞች» የምትል ቃል ከገባች ደብዳቤው ከእርማት ጥያቄ ወደ ጠብ ይዞራል። ቅጂ አስቀሩ፤ የተቀበለው ሰው በቅጂው ላይ ቀን ጽፎ ይፈርምላችሁ። ሁለት እትም ጠብቃችሁ መልስ ከሌለ፣ በጋዜጦች ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚሰማ የፕሬስ ምክር ቤት ካለ ቀጣዩ በር እሱ ነው።

እርማትና የመልስ ጽሑፍ አይምታቱባችሁ። ቁጥር፣ ስም ወይም ቀን ከተሳሳተ እርማት ይጠየቃል። አስተያየቱ ካላስደሰታችሁ ግን መልስ ጻፉ፤ ከ150 ቃላት አይብለጥ። ቦታ ሲጠብ መቀስ የሚያርፈው ከጭራው ስለሆነ ዋናው ነጥብ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይግባ። ዜናው በድረ ገጽም ካለ እዚያም እንዲታረም ጠይቁ፤ ከዓመት በኋላ ሰው ፈልጎ የሚያገኘው ያንን ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቢዘጋ ምን ይጎድልብናል?

መልስ፦ ሲንሲናቲ ፖስት የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ሲዘጋ፣ ዋና ጋዜጣቸው እሱ በነበረባቸው የሰሜን ኬንታኪ ከተሞች የአካባቢ ምርጫ ተወዳዳሪውም መራጩም እንደቀነሰ፣ ሥልጣን ላይ ያሉትም መልሰው የመመረጥ ዕድላቸው እንደሰፋ ሁለት ተመራማሪዎች አሳይተዋል። በካሊፎርኒያ ደግሞ ቤል የምትባል ትንሽና ድሃ ከተማ አለች። የምክር ቤቷን ስብሰባ በቋሚነት ተቀምጦ የሚከታተል ዘጋቢ አልነበረም። በ2010 ሎስ አንጀለስ ታይምስ የደመወዝ ሰነዶቹን ሲያወጣ፣ የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ በዓመት ወደ 800,000 ዶላር ይከፈለው ነበር።