መልስ፦ «ዶንት ሉዝ ዩር ሄድ» ስድብ ነው ወይ?

እህቴ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የውጭ አገር አለቃሽ «ዶንት ሉዝ ዩር ሄድ» ሲልሽ ከፍቶሽ፣ ስድብ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም። ማሽኑ ድንገት ሲቆም የምትይዢው የምትጨብጪው ጠፍቶሽ ይሆናል፤ «ተረጋጊ፣ አትደናገጪ» ማለቱ ነው። ስለ ንዴት እንኳ አይደለም።

ለንዴት የሚሆነው «ሉዝ ዩር ቴምፐር» ነው። የትም ብትናገሪው አያሳፍርም። እኔ የምወደው ግን «ፍላይ ኦፍ ዘ ሃንድል» የሚለውን ነው። ዛቢያው በላላ መጥረቢያ ስትፈልጪ ብረቱ ተስፈንጥሮ ይወጣል አይደል? ከዚያ የመጣ የአሜሪካኖች አባባል ነው። የደሴ ኮምቦልቻን ሚኒባስ አስቢው። ተሳፋሪው «መልሴስ?» ይላል። ረዳቱ «ዝርዝር የለኝም፣ ቆይ» ከማለቱ ሰውዬው ቱግ! ሹፌሩ ሳይቀር ይሰደባል። ጭራሽ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ «አውርደኝ!» ይላል፣ ለጥቂት ብር። በቃ፣ እሱ ነው «ፍላይ ኦፍ ዘ ሃንድል» ያደረገው። ነገሩ ትንሽ፣ ጩኸቱ ሰማይ የሚነካ ሲሆን ትጠቀሚበታለሽ።

«ሂት ዘ ሩፍ»ም ያው ነው፣ ብዙ አያስጨንቅሽ። «ጎ ቱ ፒስስ» ግን ሌላ ነው፤ ሐዘን ወይም ጭንቀት ሰውን ሲሰብረው ነው የሚባለው።

«ማድ» ላይ ተጠንቀቂ። አሜሪካዊ ሲሰማው «ተናዷል»፣ እንግሊዛዊ ሲሰማው ደግሞ ብዙ ጊዜ «አብዷል» ነው። አለቃሽ የየት አገር ሰው እንደሆነ ስላልነገርሽን፣ ለጊዜው «አንግሪ» በይና ተገላገይ።